የጎመን ትሎቹ ረሃብ

በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ቡታጅራ የሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ። ከተማዋን አልጠላኋትም፤ እዚያ ማርጀቱን ግን እንደ ሞት እፈራው ነበር። አንድ የእርሻ ኮሌጅ መምህር «በነፍሳት ላይ የራስህን ሥራ ሠርተህ ላክልኝ፤ ከወደድኩት ረዳቴ አደርግሃለሁ» ብለው ጻፉልኝ። ሌላ መውጫ አልነበረኝም።

የመረጥኩት የጎመን ትል ነው። ከአንጎሉ ጀርባ በዓይን የማይታዩ ጥንድ እጢዎች አሉት። እነሱ ሆርሞናቸውን እስካመነጩ ድረስ ትሉ ልጅ እንደሆነ ይቆያል፤ ሲያቆሙ ወደ ቢራቢሮነት ያመራል። መጽሐፌ «ረሃብ እጢውን ያኮስሰዋል» ይላል። ስለዚህ ግማሾቹን በአንድ ጣሳ ላጠግብ፣ ግማሾቹን በሌላ ላስርብ፣ ከዚያም በምላጭና በመርፌ ከፍቼ በትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ ያየሁትን ልስል አሰብኩ።

ትሎቹን የለቀምኩት ከአከራዬ ጓሮ ነው። ባልቴቷ ጎመናቸው ስለተረፈላቸው መረቁኝ። ወሩ ረመዳን ነበር።

ስከፍታቸው የተራቡትም የጠገቡትም እጢ አንድ ዓይነት ሆነብኝ። ግራ ገብቶኝ የተራቡትን ጣሳ ብገለብጠው ከሥሩ የተቀረጠፈ የጎመን ቅጠል ወጣ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

«እማማ፣ እነዚህን ማን አበላቸው?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። መግሪብ ላይ ላፈጥር ስል ትዝ ይሉኛል። ቤቴ ውስጥ የተራበ ነፍስ እያለ እንዴት እጎርሳለሁ? ወላሂ አልቻልኩም።»

ጮኽኩባቸው። ጾመኛ መሆናቸውን እያወቅሁ፣ በግቢው ሰው ፊት፣ አንገታቸውን እስኪደፉ ጮኽኩባቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ክፍሌ ደጃፍ ደርሰው አያውቁም።

ሙከራውን እንዳልደግም ዝናቡ አልፎ ትሉ ከጎመኑ ጠፍቶ ነበር። ሥራውን የምልክበት ቀንም ደረሰ። ያየሁትን የሳልኩበትን ወረቀት ቀድጄ ምድጃ ውስጥ ከተትኩትና የተራቡትን እጢ መጽሐፉ እንደሚለው አኮስሼ ሳልኩት። ጥፋቱ የባልቴቷ ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር።

መልሱ አጭር ነበር። «እኔ ራሴ ሞክሬዋለሁ። የጎመን ትል እጢ ቢራብም አይኮስስም። አንተ የሳልከው ያየኸውን አይደለም።»

ደብዳቤውን ይዤ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ያቃጠልኩት ሥዕል እውነተኛው ነበር። ትሎቹ ቢበሉም ባይበሉም ያው ነበር የሚሆነው። በግድግዳው ማዶ ባልቴቷ ሲያስሉ ይሰማኛል። ተነሥቼ ሄጄ እግራቸው ላይ መውደቅ ነበረብኝ፤ አፈርኩ፣ አልሄድኩም።

ቡታጅራ ላይ ሌላ አሥራ አንድ ዓመት አስተማርኩ።