ሰሙን ብቻ ንገሯት

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ በመስከረም ሁለተኛው ሳምንት፣ ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ በሚኒባስ ወደ ሉማሜ ተነሣን። አብራኝ የተጓዘችው የልጆችን የአእምሮ እድገት የምትመረምረው ሲስተር ትዕግሥት ናት። እሷ የምትሄደው ትምህርት ቤት አልቀበልም ያላትን የሰባት ዓመት ልጅ ምርመራ ለመጨረስ፣ እኔ ደግሞ ለመዘገብ ነው።

አምበር

ሌሊቱን ዘንቦ መንገዱ ዳር ያለው ጤፍ ውሃ አዝሏል። አምበር ላይ ዶሮ የያዙ እናት ተሳፈሩና ከሲስተር ጎን ተቀመጡ።

«ሐኪም ነሽ አሉ። የልጅ ልጄ አንዴም አይቀመጥም። መድኃኒት የለሽም?»

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«ሁለት ሊሞላው ነው።»

«እሱስ ደኅና ነው። መድኃኒቱ ለእርስዎ ነው፤ ትንሽ ይተኙ!»

ሹፌሩ ሳይቀር ሳቀ።

ሉማሜ

ሻይ በቦንቦሊኖ ጠጥተን ወደ ልጅቱ አባት፣ ወደ የኔታ ጥበቡ ቤት ሄድን። የኔታ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሁለት ትርጉም የሌለው ቃል ከአፋቸው አይወጣም ይባላል።

«ግቡ፣ ግቡ! ቤት የእግዜር ነው!» አሉን።

ልጃቸው ማኅሌት በሩ ላይ ቆመች። «ጫማ አውልቁ።»

አወለቅን። የኔታ አፈሩ። «ችግሯ ይኸው ነው። ትምህርት ቤትም ርእሰ መምህሩን ጫማ አውልቁ ስላለቻቸው ነው የመለሷት።»

«እሳቸውም ቤት የእግዜር ነው ብለዋችሁ ነበር?» አለች ሲስተር።

የኔታ አሰቡ። «ብለውናል።»

«የእግዜር ቤት ሲገባ ጫማ ይወለቃል። ልክ ናት።»

ርእሰ መምህሩ አቶ ይርጋ ተጠርተው መጡ። ለምዝገባ የቀረው ይህ ሳምንት ብቻ ነው። ሲስተር ለማኅሌት የላም ሥዕል አሳየቻት። «ይህ ምንድን ነው?»

«ወረቀት።»

«አላልኩም?» አሉ አቶ ይርጋ። «እኔም ሥዕል ሳሳያት እንዲሁ ነው ያለችኝ።»

«ወረቀቱ ላይ ምን ተሥሏል?»

«ላም። አንድ ጡት ጎድሏታል።»

አቶ ይርጋ ሥዕሉን ተቀብለው ቆጠሩ። ሦስት ነው።

ሲስተር ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ መጥታ የልጅቱን ጨዋታ አይታለች፣ እናቷን ስለ አስተዳደጓ ጠይቃለች፤ ጆሮዋም ተመርምሮ ደኅና ነው። «ኦቲዝም ይባላል» አለች። «ክፉ መንፈስም የአስተዳደግ ጉድለትም አይደለም። የኔታ፣ ለሷ ሰሙን ብቻ ይንገሯት።»

«ወርቁስ?»

«ቀስ ብለው ይፈቱላታል።»

የኔታ ሳቁ። «ዕድሜ ልኬን ወርቅ ስቆፍር ሰም ወለድኩ!»

«ሰም ባይኖር ወርቁን በምን ቅርጽ ያፈሱት ነበር?»

የኔታ ለሲስተር እጅ ነሡ። «ለቅኔ መምህር እንኳ እንዲህ ሲያደርጉ አላየሁም» አሉ ባለቤታቸው።

«ክፍል ውስጥስ ምን እናድርግ?» አሉ አቶ ይርጋ።

«በቀጥታ ንገሯት። የቀኑን ሥራ በተራ በሥዕል ለጥፉላት። ጩኸት ሲበዛባት የምታርፍበት ጥግ ይኑራት። እኔም በየወሩ እመጣለሁ።»

አቶ ይርጋ ሥዕሉን እንደያዙ ማኅሌትን አዩአት። «ሰኞ ትምጣ። እንሞክራለን፤ እንችላለን ግን አላልኩም።»

መመለስ

የኔታ እስከ አስፋልቱ ሸኙን። «መንገዱን ጨርቅ…» ብለው ጀመሩና ቆሙ። ማኅሌት ጎንበስ ብላ መንገዱን እያየች ነበር።

«በሰላም ግቡ» አሉ።

«አስፋልት ነው» አለች እሷ።

ማታ ደብረ ማርቆስ ቤቴ ገብቼ ዘገባውን ጻፍኩ። «የኔታ ፊታቸው በራ» የሚለውን ሰርዤ «የኔታ ደስ አላቸው» አልኩ። ከጉዞው የተማርኩት ይህን ነው።

ሰኞ ረፋድ ለአቶ ይርጋ ደወልኩ። እንደነገሩኝ፣ መምህሯ «ግቡ» ብቻ ስትል ማኅሌት ጫማዋን እንዳደረገች ገብታ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች።