አያቴ ዘር የቆጠሩ ዕለት

ልጅ እያለሁ ቤታችን ሽማግሌ ሲመጣ እንደኔ የሚደሰት አልነበረም። ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ጠላ ይቀዳል፣ እኔም አያቴ ጉያ ገብቼ የሰው አፍ አፍ አያለሁ። ያን ዕለት የመጡት ከኩልመስክ ነበር፤ ታላቅ እህቴን ጥሩዬን ለልጃቸው ሊጠይቁ። ጥሩዬ ልጁን ብልባላ ገበያ አይታው ልቧ ሄዷል። ጠዋት ፀጉሬን እየሠራችኝ፣ "እነዚህ ሰዎች እሺ ተብለው ካልሄዱ እኔ በሕይወት አልቆምም" ብላኛለች።

ያኔ ዝምድና እንዳይገኝ ሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት ዘሩን ይቆጥራል። የልጁ አጎት አያ መኮንን የራሳቸውን እንደ ውዳሴ ማርያም አንበለበሉት። ከዚያ ተራው የአያቴ ሆነ። አያቴ ቄስ ናቸው፤ ረጋ ብለው ሲቆጥሩ ቆዩና የገዛ አያታቸው ወለተ ማርያም ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"የማን ልጅ ናቸው፣ አባ?" አሉ አያ መኮንን።

ሌላው ቢሆን አንድ ስም ፈጥሮ ያልፋል፤ አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው። አያቴ ግን፣ "አባቷን አላውቅም። የተገዛች ናት" አሉ።

አያ መኮንን የጠላ ዋንጫቸውን መሬት አስቀመጡ።

"ለባሪያ ዘር ነው እንዴ ደጅ የምንጠናው?" አለ መኮንን። ከዚህ ወዲህ አንቱ አልለውም።

"የሸጠልን ያንተው ቅድመ አያት ነው፤ ጠመንጃ አምሮት" አሉ አያቴ። "ራሷ ነግራኛለች። እናቷ አለቅም ብላ ብትይዛት የእናቲቱን እጅ በጎራዴ መትቶ ነው የነጠቃት። የኔም አያት ገዛት፣ ስታድግም ወለደባት። ገዢውም የተገዛችውም የኔ ደም ናቸው፤ ሻጩ ያንተ ነው። በል፣ አብረን እንቁጠር።"

መኮንን ዱላውን አያቴ ራስ ላይ አሳረፈው። አበስኩ ገበርኩ! ቄስ ላይ ዱላ! የአያቴ ጥምጥም ቀላ፣ ደሙም ፊቴ ላይ ተንጠባጠበ፤ ትኩስ ነበር። አባቴ ከግድግዳው ማጭድ ነጠቀ። ገንቦው ተሰባበረ፣ ጠላና ደም ቄጤማው ላይ ተቀላቀለ። አንዱ ሽማግሌ ጥርሱን ተፋ፤ የመኮንን ጣት በቆዳ ተንጠልጥሎ አየሁ። ጥሩዬ ከጓዳ እየጮኸች ወጥታ መሃላቸው ስትገባ የገዛ አባቷ ማጭድ ክንዷን ሸረከተው። ያኔ ነው ሁሉም የቆመው።

እንግዶቹ እየተራገሙ ከወጡ በኋላ ጥሩዬ ክንዷን ይዛ አያቴ ፊት ተቀመጠች። "አባባ፣ ዛሬን ቢዋሹልኝ ምን ነበረበት?" አለቻቸው።

"ልዋሽልሽ ነበር ልጄ" አሉ እያለቀሱ። "ስሟን ስጠራው ፊቷ መጣብኝ።"

ልጁ አልተመለሰም። ጥሩዬ ሌላ አገባች፤ ጥሩ ሰው ነው፣ ክፉ አይወጣኝም። ብልባላ ገበያ ግን ዳግመኛ አልሄደችም።

ዛሬ ላሊበላ ከተማ ሽማግሌው በመኪና ይመጣል፣ ለስላሳ ይጠጣል፤ ዘር የሚቆጥር የለም፣ በሹክሹክታ ይጣራል እንጂ። የጥሩዬ ልጅ ስትጠየቅም ሽማግሌዎቹ፣ "ዘመኑ ሠልጥኗል፣ ዘር መቁጠሩ ይቅርብን" ብለው ነበር። ጥሩዬ ምን በወጣት! ወንዶቹ መሃል ተቀምጣ ዘሯን መቁጠር ጀመረች። "ወለተ ማርያም የክርስትና ስሟ ነው። እናቷ ያወጣችላትን የጠየቃት የለም።"

እኔ ዓይኔ በሩ ላይ ነበር፤ ዱላ ቢነሣ ጉያዬ ያለውን ልጅ ይዤ ልሸሽ። የሙሽራው አባት ግን፣ "እኛም ዘር ውስጥ አንዲት የተገዛች አለች" አለ። "እኛ ጭራሽ ስሟንም አናውቅ።"

ያኔ እንዲህ የሚል አንድ ሰው ጠፍቶ ነው እህቴ የወደደችውን ያጣችው።