«ማን ልበል?»

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ አዲስ ስልክ ገዛችልኝ። ሰው ሲደውል ገና ሳላነሳው ስሙን ጽፎ ያሳየኛል። የማላውቀው ቁጥር ከሆነ እንዳላነሳ አስጠንቅቃኛለች፤ አጭበርባሪ በዝቷል አሉ። እኔን ጥርጣሬ ልታስተምረኝ! በጥርጣሬ እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ፤ ያውም ገና በልጅነቴ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ መርካቶ።

ከተክለ ሃይማኖት ወደ መርካቶ ሲገባ፣ ነጋዴዎች አዋጥተው ያቆሙት ትንሽ የእሳት ማጥፊያ ጣቢያ ነበር። ያለው አንድ የውሃ ቦቴ፣ ጥቂት እሳት አጥፊዎችና አንድ ስልክ ነው። የስልክ ክፍሉ ኃላፊ እኔ ነበርኩ። ኃላፊ ይበሉኝ እንጂ በሥሬ ያለው ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ደወል ብቻ ነው፤ ጥሪውን እሰማለሁ፣ የደወሉን ገመድ እስባለሁ፣ ቦቴው ይወጣል። መስኮቱ የሚከፈተው በበርበሬ ተራ በኩል ስለሆነ፣ ንፋስ በተነሳ ቁጥር ከደዋዩ ጋር የምነጋገረው እያስነጠስኩ ነበር።

አለቃችን ሻምበል በላቸው ከጦር ሠራዊት በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሳይሉ የዋሉበት ቀን ትዝ አይለኝም። ምክንያትም ነበራቸው። በዚያ በጋ ደጋግመን በሐሰት ጥሪ ወጥተናል። ሳጠራ ተራ ተቃጠለ ተብሎ ቦቴው በተሸካሚና በአህያ መሃል እየተጋፋ ሲደርስ፣ የሚጨሰው የአንዲት ፓስቲ ጠባሽ ምድጃ ይሆናል። ሕዝቡ ቦቴውን ለማየት ሲንጋጋ ኪስ አውላቂው ሥራውን ይሠራል። ስለዚህ ሻምበል ደንብ አወጡ፤ ደዋዩ ስሙን ካልተናገረ ደወል አይደወልም። የእኔም የመጀመሪያ ቃል «ማን ልበል?» ሆነ። በሽታውም ተጋባብኝ፤ ሻይ የሚያመጣልኝን ባለ ሻይ ቤት እንኳ ድምፁን ከደዋዮቹ ድምፅ ጋር ማስተያየት ጀመርኩ።

የካቲት ነበር፤ ረፋድ ላይ። ትኩስ ፓስቲዬን ከጋዜጣው ሳልፈታ ስልኩ ጮኸ። ዝግ ያለ፣ የወሎ ቅላጼ ያለው የወንድ ድምፅ ድር ተራ አንድ መጋዘን ውስጥ እሳት ተነስቷል አለኝ። ማን ልበል ስለው ዘጋው። ሻምበል በመስኮቱ አሻግረው አዩ፤ በዚያ ንፋስ አቧራና ጭስ አይለይም። ሌላ ሌባ ነው ብለው ሊቀመጡ ሲሉ እንደገና ጮኸ። ያው ድምፅ ነው።

«እህቴ፣ ዘበኛው ውስጥ ነው። በሩ ከውጭ ተቆልፎበታል።»

«ማን ልበል?»

ሲተነፍስ ይሰማኛል። «ወፍ ነገረችኝ በይ» አለና ዘጋው።

ሻምበል አሁንስ ለየለት፣ ቀለደብን አሉ። እኔ ግን ወፍ የሚለው ቃል ያዘኝ። አባቴ ባደገበት አገር፣ ቤት ተቃጥሎ አጥፊው ሲጠፋ፣ መንደሩ ሁሉ ሜዳ ላይ አውጫጭ ይቀመጣል። ጥፋተኛው ሳይለይ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ያየ ሰው በግልጽ ቢናገር ደመኛ ያፈራል፤ ስለዚህ በስውር ይናገርና «ወፍ» ይባላል፣ ስሙም አይነሳም። መርካቶስ ቢሆን ምን ለየው? በዚያው ሰሞን እሳት አየሁ ብሎ የደወለ አንድ ቆርቆሮ ነጋዴ፣ «አንተ እንዴት ቀድመህ አየህ?» ተብሎ ታስሮ ከርሟል።

«ሻምበል፣ ያታለሉን ሁሉ እኮ ስም ነበራቸው» አልኳቸው። እውነቴን ነበር፤ ሐሰተኞቹ ስማቸውን ከነአባታቸው ነበር የሚያንበለብሉልን። «ውሸታም ስም አያጣም። ይሄኛው ፈርቶ ነው።»

አፍጥጠው አዩኝ። እጄ ገመዱ ላይ ነው። ሳብኩት።

ቦቴው ሲደርስ የድር መጋዘኑ ጣሪያ ተያይዞ ነበር። በሩን በዲጂኖ ሰብረው ዘበኛውን አወጡት። ዕድሜው የገፋ ሰው ነው፤ ጢሙ ከመለብለቡ በቀር ደህና ነበር። ወሬው ሲደርሰኝ የቀዘቀዘውን ፓስቲ እያለቀስኩ በላሁት።

በማግስቱ አንድ የፖሊስ መኮንን እሳቱን ሰው ነው የለኮሰው ብሎ ተነሳ፤ የሚፈልገውም ደዋዩን ነው። የድር ተራን ነጋዴዎች አንድ ሱቅ ውስጥ ሰብስቦ በየተራ በስልክ እንዲያናግሩኝ አደረገ፤ እኔ ከጣቢያው ሆኜ ድምፁን ልለይ። የስልክ አውጫጭ መሆኑ ነው። አንዱ ይጮሃል፣ አንዱ ይንተባተባል፣ አንዱ ጤናዬን ጠይቆ አይጠግብም። በመጨረሻ ዝግ ያለ የወሎ ድምፅ መጣ። ገና ሲተነፍስ አወቅኩት። መኮንኑ ስልኩን ተቀብሎ እሱ ነው ወይ ሲል ጠየቀኝ።

«ይሄም አይደለም» አልኩ።

መኮንኑ ደግሞ ጠየቀኝ፤ በደንብ እንዳስብበት መከረኝ። ሻምበል አጠገቤ ቆመው ፊቴን ሲያዩ ነበር። ስልኩን ከእጄ ወስደው «እሷ አይደለም ካለች አይደለም» አሉት። በዚያው ሳምንት ደንቡ ተለወጠ፤ የመጀመሪያው ጥያቄ «የት ነው?» ሆነ።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። በሩ ከውጭ ተቆልፎ ዘበኛው ውስጥ መቅረቱን ያ ሰው እንዴት አወቀ? ቆላፊው ራሱ ይሆን? ክብሪቱንስ የጫረው ማን ነው? የሰው ነፍስ ያዳነ ሰው ነው የሸሸግሁት ወይስ ለኩሶ የደነገጠ፣ አላውቅም። ዘበኛው ግን በጣቢያው በር ባለፈ ቁጥር ዱላውን ከፍ አድርጎ ሰላም ይለኝ ነበር። ያንን ሳይ ጥርጣሬዬ ለጊዜው ይተኛል።

ትናንት የማላውቀው ቁጥር ደወለ። የልጅ ልጄ «ተዪው እማማ» አለችኝ። አነሳሁት።

«የት ነው?» አልኩ።

ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ሳልዘጋው ጠበቅሁ።