መሪጌታ ያዳመጡት ፖስተር

ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ ወደ እስቴ ስሄድ የሚኒባሳችን ጎማ ተነፈሰና ከአንድ ሻይ ቤት ደጅ ቆምን። ግድግዳው ላይ አዲስ ፖስተር ተለጥፏል፤ ቀለሙ ያበራል፣ ፊደሉም ያምራል። ሙያዬ ነውና ቀረብ ብዬ አየሁት። ሻይ ከሚጠጡት ሰዎች ግን አንድም ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። ሳቄ መጣ። እኔም በሃያዎቹ ዕድሜዬ መጀመሪያ እንዲህ ያለ፣ መልክ እንጂ አፍ የሌለው ፖስተር ሠርቼ ነበር።

ያኔ ንፋስ መውጫ በአንዲት ጠባብ ማተሚያ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ገና መንፈቄ ነው፤ ስለ ሥራዬ የሚናገረኝን ሰው አልወድም ነበር። በተለይ ግሪድ የሚባለውን ነገር የሙጥኝ ብዬ ይዤዋለሁ። ገጹን ወደ ታችና ወደ ጎን በሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች ትከፍለዋለህ፤ ጽሑፉን በመስመሮቹ ልክ ታሰልፈዋለህ። ሲታተም መስመሮቹ ይጠፋሉ፣ ሥርዓቱ ይቀራል።

አንድ ቀን ሲስተር አልማዝ የምትባል ነርስ መጣች። ሐኪሞች ከሩቅ መጥተው የዓይን ሞራ በነፃ ሊገፍፉ ነው። «ዓምና ወሬው ለሰው ሳይደርስ ቀርቶ ሐኪሞቹ እጃቸውን አጣጥፈው ዋሉ» አለችኝ። «ዘንድሮም ሰው ካልመጣ ተመልሰው አይመጡም። መዳን እየቻለ በጨለማ የሚቀረውን ሰው አስቢው። ፖስተሩን አደራ።»

ሠራሁት። ከላይ የመሥሪያ ቤቶቹን ስምና ማኅተም ደረደርኩ፤ ከሥር ርዕሱን፣ ከዚያ ረጅም ማብራሪያ፣ ቀኑን ደግሞ ታች ጥግ ላይ አደረግሁ። ከመስመሩ የወጣ አንድም ፊደል አልነበረም። ቀና ብዬ ባየሁት ቁጥር ደስታው ልቤን ያሞቀው ነበር።

ሲስተር አልማዝ ግን «ከመባዛቱ በፊት ሰው ይየው» አለች። ዓርብ ዕለት የበጋውን አቧራ እየጠጣን አርብ ገበያ ወረድን፤ ስንደርስ ፀጉሬ ዱቄት የተነፋበት መስሏል። ፖስተሩን ከድንች ሻጮቹ አጠገብ ሰቀልነውና ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ እየበላን ሳለ እኔ አድናቆት መጠበቅ ጀመርኩ። አንድ ተማሪ ቆሞ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ ፊደል ያልቆጠሩት ሊሰሙ ከበቡት። የሁለተኛው መሥሪያ ቤት ስም ላይ ሲደርስ ሁሉም ወደየገበያው ተበተነ። ኩምሽሽ አልኩ።

በዚህ መሃል መሪጌታ ጥበቡ የሚባሉ የቅኔ መምህር በልጃቸው እጅ ተመርተው መጡ። የመሪጌታ ሁለቱም ዓይኖች በሞራ ነጥተዋል።

«ምንድር ነው የተለጠፈው? እስቲ አንብቢልኝ» አሉኝ።

ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። ብዙም ሳልሄድ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ፣ ቆይ። ይኸን ሁሉ ስም ስትጠሪ እኔ የተጠራሁት የት ላይ ነው?»

«መሪጌታ፣ የመሥሪያ ቤት ስም ከላይ ነው የሚሆነው፤ ደንቡ ነው» አልኩ፤ ድምፄ ውስጥ ቁጣ ነበረበት።

«አይክፋሽ። ዓይኑ የጠፋበት ሰው ይኸን ወረቀት በጆሮው ነው የሚያየው። መጀመሪያ እኔን ጥሪኝ፤ ከዚያ ምን እንደምታደርጊልኝ ንገሪኝ። ቀኑንም በቁጥር አትተይው፣ ከኪዳነ ምሕረት ማግስት በይው፤ ማንም አይረሳውም። ለሚያነበውም እዘኝለት እንጂ፤ ትንፋሹ ሳያልቅ መስመሩን ቁረጪለት።»

ወደ ንፋስ መውጫ ስንመለስ እስከ ግማሽ መንገድ ተናደድኩ። ከዚያ በኋላ በልቤ ገጹን እንደገና መክፈል ጀመርኩ። በማግስቱ ግሪዱን አፍርሼ በትንፋሽ ልክ አሰመርኩት፤ ለአንድ መስመር አንድ ነገር ብቻ። ከላይ በትልቁ «ዓይንዎን ሞራ ጋርዶታል?» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ «ሐኪም ይገፍፈዋል።» ቀጥሎ «በነፃ።» ቀጥሎ «ከኪዳነ ምሕረት ማግስት ጀምሮ።» ከዚያ «ንፋስ መውጫ ይምጡ።» ማኅተሞቹ ከታች ተኮለኮሉ።

ከመሥሪያ ቤቶቹ የአንዱ ኃላፊ ሲያዩት ፊታቸው ተለዋወጠ። «እኛን እግር ሥር አደረግሽን?» አሉ። አፌን ልከፍት ስል ሲስተር አልማዝ ቀደመችኝ። «ጌታዬ፣ እስቲ ዓይንዎን ይጨፍኑና ያዳምጡ» አለችና ሁለቱንም አነበበችላቸው። ዓይናቸውን ሲገልጡ ፈገግ ብለው ነበር፤ «ሁለተኛው ይባዛ» አሉ።

የኪዳነ ምሕረት ማግስት ሲነጋ ሕክምናው የሚሰጥበት ግቢ ሞልቶ ሰው በአጥሩ ዙሪያ ተሰልፏል። በበቅሎ የመጣ አለ፣ በልጁ ትከሻ ተደግፎ የመጣ አለ። ከስማዳ፣ ከወገዳ ማዶ የመጡ አንዲት እናት ማን እንደነገራቸው ብጠይቃቸው ጎረቤታቸው ከገበያ ሰምቶ እንደነገራቸው አጫወቱኝና ፖስተሬን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው በቃላቸው አወረዱልኝ። ወረቀቱ ከሰፈራቸው ደርሶ አያውቅም። እምባዬን በነጠላዬ ጠረግሁ፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

መሪጌታም ከተሰለፉት አንዱ ነበሩ። ፋሻው በተፈታላቸው ጧት ግድግዳው ፊት ቆመው ፖስተሩን በዚያ በማሕሌት ድምፃቸው አነበቡት፤ ተራውን የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እስከ መጨረሻው መስመር ሰማቸው። ሲጨርሱ «እሰይ!» አልኩ ሳላስበው። ድምፄን ሰምተው ዞሩ፤ ከላይ እስከ ታች አዩኝና ሣቁ።

«አንቺ ነሽ እንዴ? እንዲያ ስትቆጪኝ ባልቴት መስለሽኝ ነበር፤ ለካ ገና ልጅ ነሽ!»

ከዚያ ወዲህ የሠራሁትን ፖስተር ገሚሱን ዝናብ አጥቦታል፣ ገሚሱን ፍየል በልቶታል። አዲስ ሥራ ስጀምር ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ ሰው እንዲያነብልኝ አደርጋለሁ፤ ወጣቶቹ ባልደረቦቼ ይሥቁብኛል፣ ይሣቁ። እኔን አይተው የሣቁት እነዚያ አዲስ የተገለጡ ዓይኖች ግን ትዝ ባሉኝ ቁጥር፣ ብቻዬንም ብሆን፣ ደረቴ ይነፋል።