ሁለተኛዋ ዓይን

አዲስ የተቀባ ኖራ ሲሸተኝ እስከ ዛሬ እጄ ብሩሽ ይፈልጋል። የሥዕል ማሳያዬን ሊጎበኙ የመጡ ሰዎች "ዛፎችዎ ለምን ዓይን አላቸው?" ብለው ሲጠይቁኝም ከመልሱ በፊት የሚመጣብኝ ያ ሽታ ነው።

ልጅ እያለሁ፣ በጣሊያን ጊዜ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር እንኖር ነበር። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበር። ቀይ አፈር ወቅጬ፣ ከሰል ፈጭቼ ቀለም የማቀርብለት እኔ ነበርኩ። "ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያይሻል። ክፉ ግን ፊቱን ስለሚያዞር አንድ ዓይን ብቻ ነው የምትሥይለት" ይለኝ ነበር። ይህን ሕግ ያወቅሁት ፊደል ሳልቆጥር ነው።

እናቴ ደግሞ የራሷ ሕግ ነበራት። ከቤታችን በላይ የቆመችውን ትልቅ ዝግባ "አድባራችን" ትላታለች፤ በግንቦት ልደታ ንፍሮ ይዛ ትወጣና ግንዷን ቅቤ ትቀባታለች። አባቴ ይህን ሲያይ ደሙ ይፈላል።

"ዛፉ እንጨት ነው! እንጨት ምን ያያል?"

"እርስዎ አያዩዋትም እንጂ እሷስ ታይዎታለች" ትለዋለች እናቴ እየሳቀች። እኔ በሆዴ የእናቴ ወገን ነበርኩ።

አንድ ቀን ከወንዝ ውሃ ቀድቼ ስመለስ የዝግባዋ ግንድ ላይ ክብ የኖራ ምልክት አየሁ። ጣሊያን ለድልድይ የሚያስቆርጣቸውን ዛፎች እንደዚያ ምልክት ያደርግባቸው ነበር፤ እኔ ግን ይህን አላወቅሁም። ያየሁት አንድ ዓይን ነው። አድባራችንን ክፉ አድርገው ሥለዋታል! ገንቦዬን አስቀምጬ ወደ ቤት በረርኩ። የአባቴን ብሩሽ፣ ነጭ አፈርና የከሰል ቀለም ይዤ ተመለስኩና በኖራው መሐል ብሌን አኖርኩበት። በስተግራው ደግሞ ሁለተኛ ዓይን ሣልኩላት፣ ከነቅንድቡ።

በማግስቱ ጠዋት መጥረቢያ የያዙ የአገራችን ሰዎች ከጣሊያኑ አለቃና ከአስተርጓሚው ጋር መጡ፤ እኔና አባቴም ወጣን። ቀና ሲሉ ዝግባዋ በሁለት ዓይኗ ታያቸዋለች። አንዱ አማተበ፤ ሌላው መጥረቢያውን መሬት አኖረ። አለቃው ቢጮህ ቢያስፈራራ እጁን የሚያነሳ ጠፋ።

"ይህን የሣለ ማነው?" አለ አስተርጓሚው።

ልናገር አፌን ስከፍት አባቴ ከፊቴ ቆመና "እኔ ነኝ" አለ።

አስረው ወሰዱት። ዝግባዋን የሚቆርጥ ስላጡ ለድልድዩ የሚሆን ግንድ ከወንዙ ማዶ አመጡ። አባቴ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጀርባው ቆስሎ፣ እያነከሰ ተፈታ። ቤት ሳይገባ በቀጥታ ወደ ዝግባዋ ወጣ፤ እኔና እናቴም ተከተልነው። እገረፋለሁ ብዬ ከእናቴ ኋላ ቆምኩ። የራሱን ሥራ ሲመረምር እንደሚያደርገው አንገቱን ዘንበል አድርጎ አያት።

"የግራ ዓይኗ ትንሽ ወርዷል" አለኝ።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። "ዓይኗ" ብሏላ!

ዛሬ ቀለሙ ተዘጋጅቶ ከሱቅ ይገዛል፤ እጄም እንደ ድሮው አይስትም። ቢሆንም የምሥላቸውን ዛፎች ሁሉ የግራ ዓይናቸውን ትንሽ ዝቅ አደርገዋለሁ። ወጣቶቹ ሰዓሊዎች "ይስተካከል" ይሉኛል። አላስተካክለውም፤ እኮራበታለሁ። ያን ዕለት አባቴ ያረመኝ ሰዓሊ ብሎ ነው።