በሁዳዴ ያሳቀፍኩት ዕንቁላል

ጓሯችን ጠባብ ናት። ከቤቱ ጀርባ እስከ ድንጋዩ ካብ ብትራመዷት ሃያ እርምጃ አትሞላም። እኩሌታዋ የዶሮ፣ እኩሌታዋ የጎመን ነው። በመካከሉ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በጭራሮ የሠራው አጥር አለ። እርሱ ካረፈ ወዲህ በየዓመቱ የምጠጋግነው እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ አምስት ዶሮና አንድ አውራ ነበሩኝ። ኩሳቸውን ከአመድ ደባልቄ ለመደቦቹ እሰጣለሁ፤ ያረጀውን የጎመን ቅጠል ለእነርሱ እወረውራለሁ። ጎንደር ውኃ የሚመጣው በተራ ስለሆነ አትክልት ያጠብኩበትን አልደፋም። በባልዲ አጠራቅሜ ፀሐይ ሲበርድ ጎመኑን፣ ድንቹንና ነጭ ሽንኩርቱን አጠጣበታለሁ። ከዚህች መሬት ልጅ አሳድጌያለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን።

በሁዳዴ ከአጥሩ ወዲህ ያለው ጎመን ይበላል፤ ከአጥሩ ወዲያ ያለው የዶሮው ወገን ይጠብቃል። ዶሮዎቹ ግን ጾም አያውቁምና ይጥላሉ። ዕንቁላሉን ጤፍ ውስጥ እየቀበርኩ ለፋሲካ አቆያለሁ፤ ልትታቀፍ የፈለገች ዶሮ ከተገኘችም ለእርሷ እሰጣለሁ። እናቴም እንዲሁ ታደርግ ነበር።

ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወደ እኔ የመጣችው በዚያ ዓመት ጾም መግቢያ ላይ ነው። ባሏ አዲ አርቃይ አስተማሪ ነው፤ ሥራውን ትቶ መምጣት አልቻለም። ሰባት ወሯ ነበር። ፊቷ ገርጥቶ፣ ሁለት እርምጃ ስትሄድ የምታርፍ ሆና መጣች። ያም ሆኖ ጾመች። እኔም ደስ አለኝ። ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ ደስ አለኝ። ጎረቤቶቼ «ልጅሽ አንቺን ወጣች» ሲሉኝ ልቤ ሞላ።

በምኩራብ፣ በጾሙ ሦስተኛ ሳምንት፣ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ደሟን መርምራ ክኒን ሰጠቻትና ወደ እኔ ዞረች።

«እናቴ፣ ልጅዎ ደም አንሷታል። ዕንቁላል ትብላ፣ ሥጋ ትብላ፣ ወተት ትጠጣ። ዶሮ አላችሁ?»

«አለን።»

«እንግዲያው ምን ቸገራችሁ? ስለ ጾሙ ከነፍስ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። በመንገድ ላይ ልጄ «እማዬ፣ ምን ይሻላል?» አለችኝ። «ጎመኑ ይበቃሻል» አልኳት። ጎመኑ እውነትም ያማረ ነበር። «የኔ ሸጋ፣ እኔም አንቺን ስወልድ ጾሜ ነው» አልኳት። እውነት ነው፤ ግን እኔ ደም አላነሰኝም ነበር። ይህን አልነገርኳትም።

በዚያው ዕለት አንዷ ዶሮ ልትታቀፍ ፈልጋ ላባዋን እየነፋች ከጎጆዋ አልነሣም ብላ ነበር። ቤት እንደገባሁ ከጤፉ ውስጥ ዕንቁላሎቹን አንድ በአንድ አወጣሁ። አሥራ ሦስት ነበሩ። ዶሮ የሚያሳቅፉት በጎዶሎ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ መግጠሙን እንደ ምልክት ቆጠርኩት። አሮጌ ቁና ላይ ጭድ አንጥፌ ስደረድራቸው ልጄ በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር።

«ሁሉንም?» አለችኝ።

«ሁሉንም።»

ወደ ውስጥ ገባች። ከዓይኗ ላርቅላት ነው አልኩ በልቤ፤ ፈተና እንዳይሆንባት። የነፍስ አባቴንም አላማከርኩም። ምን እንደሚሉኝ ስለማውቅ ይመስለኛል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀሩት ዶሮዎች የሚጥሉትን ለማንሣት እጄን ወደ ጎጇቸው አልከተትኩም።

በተከታዩ እሑድ፣ በመጻጉዕ፣ ቅዳሴ ሄድኩ። ልጄን ተኝታ ትቻት ነበር። በዚያ ቀን የሚነበበው፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ተኝቶ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ስላጣው በሽተኛ ነው። ሰምቼ አዘንኩለት። ጠበል ቀምሼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ጓሮ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ዶሮዎቹን ነው። አጥሩ ተጥሶ መደቡ ላይ ወጥተው ጎመኔን ይነጫሉ። ተናደድኩ። «እሽ! እሽ! ጥፉ ከዚህ!» እያልኩ በነጠላዬ አባረርኳቸው። ከጎመኑ መካከል የልጄን እግር ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። ባልዲው ተገልብጦ ውኃው ቀሚሷን አርሶታል። አትክልቱን ልታጠጣልኝ ወጥታ አጥሩን ይዛ ወድቃ ነበር።

እንዴት እንደጮህኩ አላውቅም። ጎረቤቴ መጥታ ባጃጅ ጠራች። ሆስፒታል ደርሰን ዶክተሩ የፅንሱን ልብ አዳመጠ። «ይመታል» አለ። ከዚያ ደሟ በጣም መውረዱን ነገረኝና ጠየቀኝ።

«እንድትመገብ የነገራት ሰው አልነበረም?»

«ተነግሯታል» አልኩ።

«ታዲያ ምነው?»

እርሷ አልጋው ላይ ዓይኗን ጨፍናለች፤ እኔ ወለሉን አየሁ። እንዲህ ከቀጠለች በወሊድ ጊዜ ሁለቱንም ልናጣ እንችላለን አለኝ ዶክተሩ። ረጋ ብሎ ነው የነገረኝ። ያ ከቁጣ ይበልጥ ከበደኝ።

በማግሥቱ ቤት ስንመለስ የነፍስ አባቴ ሰምተው መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ነገር አያበዙም። ልጄን በመስቀል ባርከው ትንሽ ጸለዩላት። ከዚያ ተቀመጡና ጠየቁኝ፤ እኔም ሁሉንም ነገርኳቸው። ጤና ጣቢያውን፣ አሥራ ሦስቱን ዕንቁላል፣ የጎረቤቶቼን ምስጋና ሳይቀር።

«ጾሙን ማን አዘዛት?» አሉኝ።

«እኔ አላዘዝኳትም አባታችን። ራሷ ናት።»

«አንቺ እያየሻት እንዴት ትብላ?»

የነጠላዬን ጫፍ ያዝኩ።

«ትብላ» አሉ። «ሁለት ነፍስ ናት፤ ቤተ ክርስቲያን በእርሷ ላይ ይህን አልጫነችም። ጫኚዋ አንቺ ነሽ።»

«ንስሓዬን ይስጡኝ» አልኩ ተንበርክኬ። «ስግደቱ ስንት ይሁን?»

«ስግደትማ ትወጃለሽ» አሉኝ። «ያንቺ ንስሓ ሌላ ነው። እስከ ፋሲካ በየቀኑ ዕንቁላሉን በእጅሽ ቀቅለሽ፣ በእጅሽ ልጠሽ አብሊያት። ጎረቤት አይቀቅልልሽ። ባለችበትም ቁጭ ብለሽ እስክትጨርስ ጠብቂያት።»

የፍስኩን ዕቃ ለቅበላ በአመድ አጥቤ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ቆጥ ላይ ሰቅዬው ነበር። በሁዳዴ እኩሌታ ብረት ድስቱን አወረድኩ። በዕድሜዬ ያላደረግሁት ነው። ወደ ዶሮዎቹ ጎጆ ሄጄ እጄን ከተትኩ፤ ሳላነሣቸው የሰነበቱ ዘጠኝ ዕንቁላሎች ነበሩ። ሁለቱን ቀቀልኩ። ድስቱን ደጅ ላይ ሳጥብ ጎረቤቴ አየችኝ።

«ምነው አንቺ፣ ፋሲካ ገባ እንዴ?»

የቆየ ልማዴ ቢሆን ደብቄ ሌላ ነገር እላት ነበር።

«ለልጄ ገባ» አልኳት።

ሳቀችና ወዲያው ሳቋን ተወች። በማግሥቱ ከእርሷም ዶሮዎች አራት ዕንቁላል በጨርቅ ቋጥራ አመጣችልኝ። እግዚአብሔር ይስጣት።

ልጄ የመጀመሪያውን ዕንቁላል ስሰጣት አልነካም አለች። «አንቺ እየጾምሽ?» አለችኝ። «አባታችን ፈቅደዋል፤ እኔም እለምንሻለሁ» አልኳት። ልጄን ለምኛት አላውቅም ነበር። ወሰደችና እያለቀሰች በላች። ሁለተኛውን ስልጥላት እንባዋን ጠርጋ «ጨው አነሰው» አለች። ጨው ላመጣ ተነሥቼ ማጀት ውስጥ ጥቂት ቆየሁ።

እንዲህ ሆነን ሰነበትን። ጠዋት ዕንቁላል፣ ከሰዓት ጎመንና ምስር፣ ክኒኑም በሰዓቱ። ቀስ በቀስ ከንፈሯ መልክ አገኘ። በገብር ኄር ሳምንት ማብቂያ ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ፤ ከአሥራ ሦስቱ አሥራ አንዱ። ቢጫና ጥቁር፣ ያማሩ ነበሩ። ልጄ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ጥሬ ስትበትንላቸው ትውል ነበር። እኔ ግን አንዱ ጫጩት እግሬ ሥር ባለፈ ቁጥር ከእርሷ ገበታ ያነሣሁት ዕንቁላል ይታየኝ ነበር። ስለዚያ ነገር ይቅርታ ልጠይቃት ብዙ ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘግቻለሁ። ልጄም አላነሣችውም።

ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ሴት ልጅ ወለደች። ደም መስጠት አላስፈለገም። ዶክተሩ «ጎበዝ ናት» ሲለኝ ግድግዳውን ተደግፌ እመቤታችንን አመሰገንኩ።

ቤት በገባን በሦስተኛው ቀን ልጅቱ ስትጠባ ውላ ተኝታ ነበር። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ በሃምሳው ግን ዓርብም አይጾምም። በቅርጫት ያለውን ዕንቁላል ሁሉ ሰብሬ በቅቤ ጠበስኩና ከነብረት ድስቱ ለአራሷ አቀረብኩላት። አየችው፤ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሁሉንም?» አለችኝ።

ያንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ። ግን ዓይኗ ይስቅ ነበር። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

«ሁሉንም» አልኩ።

በእንጀራ እየጠቀለለች በላች። ስትጨርስ አንድ ጉርሻ የሚሆን አስቀርታ ድስቱን ወደ እኔ ገፋችው። «ይህ ያንቺ ነው እማዬ» አለች። አማተብኩና በላሁ።