በሰባተኛው ወር የተበላ ገንፎ

የወርቅውሃን የማያውቅ የቦንጋ ሰው ካለ፣ ማር ገዝቶ የማያውቅ ሰው ነው። እኔ ዙፋን እባላለሁ፤ ገበያው ውስጥ ኮረሪማና ጥምዝ እሸጣለሁ፣ እሷ ከጎኔ ማር ትሸጣለች። ቤታችንም አጥር ለአጥር ነው። ስለሷ ማውራት የሚችል ካለ እኔ ነኝ፤ ሌላው የሚያወራው ወሬ ነው።

የተወለደችው ደካ የሚባል ገጠር ነው። አባቷ ሲሞቱ ቦንጋ አክስቷ ዘንድ መጣች፣ ትምህርቱን አሥረኛ ላይ አቋረጠችና በአንድ ጀሪካን ማር ንግድ ጀመረች። ከፍ ያደረጋት ጥርጣሬዋ ነው። ማር ነጋዴ ካልጠረጠረ ስኳር ሲሸጥ ይውላላ! የማንኪራ ሰውዬ ማሩን ተሸክሞ መጥቶ "በገብርኤል ይዤሻለሁ፣ ንጹሕ ነው" ሲላት፣ "ገብርኤልን ተዋቸውና ክዳኑን ክፈተው" ትለዋለች። በጣቷ ነክታ ትቀምሳለች፣ ዐይኗን ትጨፍናለች፣ ከዚያ "ይህቺ ንብ የቀሰመችው ከረሜላ ነው እንዴ?" ስትለው ሰውዬው ጀሪካኑን አንስቶ እብስ። ጥላዋን እንኳ ዞር ብላ የምታይ ሴት ናት።

ሚሌኒየሙ በተከበረ በዓመቱ ግድም ሩድ የሚባል ሆላንዳዊ የሳጥን ቀፎ ሊያስተምር ቦንጋ መጣ። ባጃጅ ውስጥ ጉልበቱ አልገባ እያለው በእግሩ የሚሄድ ረጅም ሰው ነው። የወርቅውሃ ገና ስታየው "ፈረንጅ ለማር ብሎ ባሕር አይሻገርም፤ ከማሩ ጀርባ ሌላ ነገር አለ" አለች። ምን እንደሚፈልግ ልደርስበት ብላ እሱ በሄደበት ጫካ ሁሉ ስትከተለው ከረመች። ልትይዘው ስትከተል እሱ ያዛት! ማዘጋጃ ቤት ሄደው ተፈራረሙ፤ እኛም ሠርጉን በላን።

ሠርጉን በላን እንጂ ገንፎውን አልበላንም፤ ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው። ስታረግዝ ሆዷን በጋቢ ሸፍና ከረመች፣ ወሯ ሲገባ ጅማ እህቷ ዘንድ ሄደች። እዚያው ወለደች፣ እዚያው ታረሰች፣ ልጁም በአርባ ቀኑ እዚያው ክርስትና ተነሳ። ለምን መሰላችሁ? የኛን ዐይን ፈርታ! የፈረንጅ ልጅ ቀይ ነው፣ ጎረቤት ይበላብኛል ብላ። ስትመለስ ልጁን እስከ አፍንጫው ሸፍናው ነበር። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አልኳት፤ ግን ሆዴ ተቀየማት። አጥር ለአጥር ኖሬ ምጧን ያልሰማሁ፣ ገንፎዋን ያልቀመስኩ፣ እልል ያላልኩ ጎረቤት ምን ጎረቤት ነኝ?

ልጁን ልዑልቃል አለችው። ሩድ ደግሞ በኤምባሲያቸው ፓስፖርት ሲያወጣለት ሉካስ አለው። ብዙም ሳይቆይ የሩድ ሥራ አለቀና ቀድሞ አገሩ ገባ። ከዚያ እናቱ ታመዋል፣ የልጅ ልጃቸውን ማየት ይፈልጋሉ፣ ለሦስት ወር ይዘሽልኝ ነይ ብሎ ቲኬት ላከ።

የዚያን ዕለት የወርቅውሃ ሁለቱን ፓስፖርት በፌስታል ጠቅልላ እኔ ቤት ገባች። ፊቷ አመድ መስሏል።

"እትዬ ዙፋን፣ ይዩልኝማ። እኔ የተፈቀደልኝ ሦስት ወር ነው። ልጄ ግን የነሱው ዜጋ ነው። እዚያ ስንደርስ እሱ ባለቤት፣ እኔ እንግዳ። ከሦስት ወር በኋላ 'ልጁ ይቆይ፣ አንቺ ውጪ' ቢሉኝስ?"

"ሊሉሽ ይችላሉ" አልኳት። ምን ልበላት? ጠርጥር፣ ከገንፎ ይኖራል ስንጥር ነው ተረቱ።

"አልሄድም ብዬ ብቀርስ?"

"አባቱን ከለከልሽው ማለት ነዋ። ልጁ አድጎ ይጠይቅሻል።"

አለቀሰች። እሷ ስታለቅስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። ልጁን ከአባቱ መነጠል አልፈለገችም፤ ልጁንም መነጠቅ አልፈለገችም። ሌላ ጭንቀት አልነበራትም።

በመጨረሻ ልትሄድ ቆረጠች። ግን እናት ብቻዋን ሕፃን ይዛ ስትወጣ፣ ያውም በውጭ አገር ፓስፖርት፣ ልጁ የሷ መሆኑን ቀበሌ ካላረጋገጠ አያሳልፉም አሏት። ሊቀመንበሩ ጋሽ ፈለቀ ልጁን ከላይ እስከ ታች አዩት።

"አገራችን ሁለት ዜግነት አታውቅም" አሏት። "ይኼ ልጅ የኛ ነው የነሱ?"

"የኔ ነው!"

"እሱን ነው የምታስመሰክሪው። ዘመድ ያልሆኑ ሦስት ሰዎች አምጪ።"

መጀመሪያ የመጣችው ወደ እኔ ነው። "ይመስክሩልኝ፣ እትዬ ዙፋን።"

"በምኔ ልመስክር?" አልኳት። "ምጥሽን አልሰማሁ፣ ገንፎሽን አልበላሁ። እግዜር ይጠይቀኛል።"

ላቀችም፣ ሻይ ቤት ያላት ጎረቤታችን፣ ይህንኑ አለቻት። ባለሱቁ ኸይረዲንም "እኔ ያላየሁትን አልፈርምም፣ እህቴ" አላት። እንዲያ ብንል ይፈረድብናል? በዚያን ጊዜ እኮ ፈረንጅ በጉዲፈቻ ልጅ ይወስዳል፣ ደላላው ከየገጠሩ ሕፃን ይለቅማል የሚባልበት ዘመን ነው። ሆዷን ማንም አላየ፤ ጅማ ሄደች፣ ተሸፋፍኖ የመጣ ቀይ ልጅ ይዛ ተመለሰች፣ አሁን ደግሞ ሌላ ስም ባለው ፓስፖርት ልታሻግረው ነው። ገበያው "ደላላ ሆናለች" አለ። እኔ አላልኩም። ግን ሲባል ዝም ብዬ ሰማሁ፤ እኔም ነገሩ አልጣመኝም ነበር።

እሷ ታዲያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? በማግሥቱ ላቀችን፣ ኸይረዲንንና እኔን ከነጎረቤቱ ጠራችን። "ገንፎዬን ብሉልኝ" አለች። የሰባት ወር ልጅ ገንፎ! ላቀች ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ሄድን ግን። ለወሬ የማይሄድ ማን አለ?

ገንፎው መሐል ላይ ቅቤና በርበሬው ተንቆርቁሮ ቀረበ። ማንም ቶሎ እጁን አልሰደደም። እርስ በርስ እንተያያለን። ማንኪያዬን ከዳር ሰድጄ አገላብጬ አየሁት፤ ምን እንደምፈልግ እኔም አላውቅም። ኸይረዲን "ሥጋ የለበትም፣ እኔ እበላለሁ" ብሎ ጀመረ። የወርቅውሃ ልጁን መሐላችን አስቀመጠችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትሸፍነው። ከዚያ ማር ልታመጣ ጓዳ ገባች።

ልጁ ቁጭ ብሎ አየን፣ አየንና እጁን ንክር! ትኩስ ቅቤው ውስጥ። ጩኸቱ ቤቱን ሰነጠቀው። ላቀች እጁን ስትጠርግለት እኔ ቀና ስል የወርቅውሃ የጓዳው በር ላይ ደርሳለች። ቀሚሷ በሁለቱም ጡቶቿ በኩል ርሶ ወደ ታች ይወርዳል። ገና አልነካችው፣ ገና ጩኸቱን መስማቷ ነው፣ ወተቷ ፈሰሰ።

እኔ አምስት ወልጃለሁ። ወተት እንዲህ የሚመጣው ለማን እንደሆነ አውቃለሁ። ልጅ ይገዛ ይሆናል፤ ይህ አይገዛም።

ማንኪያዬን ጣልኩና እልልታውን ለቀቅሁት። ላቀች ተከተለች። ኸይረዲን እንኳ "ማሻ አላህ" እያለ አጨበጨበ። የወርቅውሃ ልጁን አቅፋ፣ እያጠባች፣ እያለቀሰች፣ "ሰባት ወር ሙሉ ምን አለ ይህን እልልታ ብታሰሙኝ" ትለናለች። "ምን አለ ብትጠሪን!" አልኳት። ገንፎውን ጥርግ አድርገን በላን። በነጋታው ሦስታችንም ቀበሌ ሄደን መሰከርን። ስሰናበታት ግን በጆሮዋ "ዐይንሽን እንዳትከድኚ" ብያታለሁ።

የቀረውን ከተመለሰች በኋላ ራሷ ናት የነገረችኝ። ቦሌ ስትደርስ በሩ ላይ ያለው ፖሊስ የቀበሌውን ወረቀት አነበበ፣ ልጁን አየ፣ እሷን አየ፣ እለፊ አላት። ቲኬት የምታየው ልጅ ዘንድ ስትደርስ ነው ነገር የመጣው።

"የእርስዎ ደርሶ መልስ ነው" አለቻት ልጅቷ። "የሕፃኑ ግን መሄጃ ብቻ ነው።"

የወርቅውሃ ከሰልፉ ወጣች። ዳር ላይ ተቀምጣ ለሩድ ደወለች። ሰላምታም አላቀረበች። "የልጄ መመለሻ የታለ?"

 ሩድ በዚያ ቦንጋ በተማረው አማርኛው፣ "እኔ ፈራሁ" አላት። "አንቺ ልጁን ይዘሽ ቦንጋ ትሄጂያለሽ። ከዚያ አትመጪም። እኔ ልጄን አላየውም።"

ቁጭ ብላ ስታስበው ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ። እሷ ይቀማኛል ስትል እሱ ትቀማኛለች ሲል፣ ሁለቱም ልጁን በሁለት ጫፍ ይዘውታል። ሌላ ሴት ብትሆን ሻንጣዋን አንስታ ወደ ቦንጋ ትመለስ ነበር። እሷ "እሺ" ብላ ስልኩን ዘጋች። መቀነቷን ፈታች፣ የማር ብሯን አወጣች፣ "ለልጄ መመለሻ ቁረጪልኝ" አለች። የቲኬቱን ወረቀት እዚያው መቀነቷ ውስጥ ቋጠረችው። ለሩድም ትንፍሽ አላለችም።

እዚያ ሦስት ወር ተቀመጠች። ሩድ በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጣል፤ ልጁን ይዛ ወደ ገበያ ስትወጣ መስኮት ላይ ቆሞ እስክትመለስ ያያታል። እሷ በበኩሏ ፓስፖርቶቹን ትራሷ ሥር አድርጋ ትተኛለች። አሮጊቷ እናቱ ብቻ ምንም አይጠረጥሩም ነበር፤ ልጁን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲዘፍኑለት ይውላሉ።

ቀኑ ሲደርስ ሩድ አውሮፕላን ማረፊያው አደረሳቸው። ሰልፉ ላይ ልጁን ከትከሻው አላወርድ አለ።

"ለእሱ ቲኬት የለም" አላት። "ቆዪ። እባክሽ ቆዪ።"

የወርቅውሃ መቀነቷን ፈታች። ወረቀቱን ዘርግታ ሰጠችው። አነበበው። ደግሞ አነበበው።

"ቦሌ ነው የገዛሽው?"

"ቦሌ።"

"ሦስት ወር ይኼ አንቺ ጋ ነበር?"

"ወገቤ ላይ።"

"እኔ ሥራ ስሄድ፣ አንቺ በማንኛውም ቀን መሄድ ትችይ ነበር።"

"እችል ነበር።"

"ለምን አልሄድሽም?"

"አባቱ እዚህ ነዋ" አለችው።

ሩድ ሰው መሐል ቆሞ አለቀሰ። ከዚያ ልጁን ከትከሻው አወረደና፣ የአንገቱን ሻርፕ አስተካክሎለት፣ ራሱ እቅፏ ውስጥ አስገባላት።